የሻምበሉ መኪናና የእትዬ ዘሊካ አመድ

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ባሕር ዳር ላይ አይጥ ብትበላ ሊመታ የተዘጋጀው ዳዋ መስዑድ ነበር።

መስዑድ የታንኳ ሰው ነው። ከጣና ዳር ደንገል አጭዶ፣ አድርቆና አስሮ ታንኳ ይሠራል፤ በሠራው ታንኳም ዓሣ ያጠምዳል፣ ማገዶ ያሻግራል። በግንቦት ጣሊያኖች «አርበኛ አሻግረሃል» ብለው ያዙት። ሲያሻግር አየሁ ያለ ሰው አልተገኘም፤ እሱም ተገርፎ አንዲት ቃል አልወጣውም። ከምሽጋቸው ግቢ መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል ነበረች፤ እዚያ ዘጉበት። እናቱ እትዬ ዘሊካ ይባላሉ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከእሱ ሌላ ወንድ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። እህቱ መዲና ናት። የመዲና ባል ደግሞ ዳውድ ነው። ይህን ታሪክ ሽበት እስኪወርሰው ሲያወራ የኖረው ዳውድ ነው፤ ባወራ ቁጥርም አማቱን ከፍ፣ ራሱን ዝቅ እያደረገ ነበር። እንዲህ ያለ አማች ስንት ቤት ይገኛል?

ያን ጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። ዳውድ መካኒክ ነው፤ በዚያ ዘመን በባሕር ዳር መካኒክ መሆን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ካንዴላን፣ ሞተር በእጅ አዙረው ከሚያስነሡበት ብረት ከማኖቬላ የሚለይ ያገር ሰው በከተማው ሦስት ቢገኝ ነው፤ ዳውድ ከሦስቱ አንደኛው እኔ ነኝ ይል ነበር፤ የሁለቱን ስም ጠርቶ ግን አያውቅም። እጁ ዘይት እንደነካ ገበያ መውጣት ይወድ ነበር። አማቱን ያከብራል፣ ይታዘዛል፤ ስለ ደንገልና ስለ ዓሣ ሲያወሩ ግን በልቡ «የድሮ ሰው» ይላቸው ነበር።

የምሽጉ አዛዥ የጣሊያን ሻምበል ነው። ከአገሩ በመርከብ አስጭኖ ያመጣት አንዲት ጥቁር አውቶሞቢል አለችው፤ በጠዋት ኮፈኗን ሳይዳብስ ቁርሱን አይበላም። ባለፈው ክረምት አይጦች ገብተው የሞተሩን ሽቦ ቆርጥመው፣ መቀመጫውን ቀደው ወልደውባት ነበር። ሻምበሉ መስከረምን በሙሉ በበቅሎ ሲመላለስ ከረመ፤ አንድ ቀንም በቅሎይቱ በወታደሮቹ ሁሉ ፊት ጭቃ ላይ ዘረገፈችው። ከዚያ ወዲህ ከአርበኛ ይልቅ አይጥ ይጠላል እየተባለ ይወራበት ነበር።

ሰኔ ሲገባ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ሻምበሉም ክረምቱን ጎንደር ለመክረም በሞተር ጀልባ ሊሻገር ተነሣ። ከመሄዱ በፊት ዳውድን ወደ ጋራዡ አስጠራው። ቋንቋ የሚያሻግርላቸው ሣህሉ ነው፤ ሣህሉ ጣሊያንኛ የለመደ ያገር ሰው ሲሆን የጋራዡም ዘበኛ ነበር።

«የሚስትህን ወንድም ፍታልኝ እያልህ ሦስት ጊዜ ለምነሃል» አለ ሻምበሉ። «ደግ ነው። መኪናዬን ላንተ ትቼ እሄዳለሁ። መስከረም ስመለስ ማኖቬላውን አንድ ጊዜ አዙሬ ከተነሣች፣ ሰውህን ይዘህ ቤትህ ትገባለህ። ካልተነሣች ግን ባሕር ማዶ ከሚጋዙት እስረኞች ጋር ይጫናል።»

«በእውነት ነው ጌታዬ?» አለ ዳውድ።

«በመኮንንነቴ ቃል» አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሣህሉ ይህን ሲተረጉም የራሱንም እጅ ደረቱ ላይ አደረገ።

ዳውድ ወደ ቤቱ እየሮጠ ሄዶ ነገራቸው። መዲና እልል ልትል ቃጣት። እትዬ ዘሊካ ግን ጥጉ ላይ ተቀምጠው መረብ እየጠገኑ ነበር፤ ቀና ብለው አዩት።

«የሚፈራው አይጥ ብቻ ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«ጋራዡ ግድግዳው ጭቃ ነው? ወለሉስ?»

«እርስዎ አይቸገሩ እትዬ። ይህ የሞተር ነገር ነው፤ ለኔ ይተዉት።»

«እሺ ልጄ» አሉና ወደ መረባቸው ተመለሱ።

እንግዲህ መካኒኩ ያደረገውን ስሙ። የሞተሩ ሽቦ በጎማና በጨርቅ የተጠቀለለ ነው። ዳውድ እንዲህ ብሎ አሰበ፦ ጠፍር ሞራ ካልጠገበ ይሰነጠቃል፤ ጎማም ቢሆን ያው ነው። ስለዚህ የበሬ ሞራ አቅልጦ በቀንድ ይዞ ገባ፤ ከሽቦው እስከ መሪው ድረስ እያሸ ቀባው። ደግሞ የክረምቱ እርጥበት እንዳያገኛት ብሎ ከመስዑድ ማከማቻ ደረቅ ደንገል በነዶ በነዶ አምጥቶ መኪናዋን ከግራ ከቀኝ ደገፋት። ሲጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየና በሥራው ተደሰተ። በሩን ዘግቶ ስምንት ቀን አልተመለሰም።

በስምንተኛው ቀን ኮፈኑን ሲከፍት አንዲት አይጥ ዓይን ለዓይን አየችው፤ አልቸኮለችም። የአንዱ ሽቦ ጨርቅ ተልጦ አልቋል። ከኋላው መቀመጫ ሥር ዓይናቸው ያልተገለጠ ሰባት ግልገሎች በደንገል ፍርፋሪ ላይ ተኝተዋል። ዳውድ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠና ስለ መስዑድ አሰበ፤ መስዑድ የሰርጉ ቀን ሙሽራይቱን በታንኳ አሻግሮ ያመጣለት ሰው ነው። ያን ቀን ዳውድ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መካኒክነቱን ጠላው።

ለአማቱ መናገሩ ከሞት ይከብደው ነበር፤ ግን ሄደ። እትዬ ዘሊካን ከሐይቁ ዳር ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ እየገሸለጡ አገኛቸው።

«እትዬ፣ አጠፋሁ» አለ።

ሁሉንም ነገራቸው። ሞራውን ሲሰሙ ቢላዋቸውን አቆሙ። ደንገሉን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሞራ ቀባሁ ነው የምትለኝ?»

«አዎ እትዬ።»

«ደንገልም አነጠፍህላቸው?»

«አዎ።»

«ወይ ልጄ! ደግሰህ፣ አንጥፈህ፣ በሩን ዘግተህላቸው ሄድህ። ሰርግ ነው እኮ የሠራህላቸው!» ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸው ቀረ፤ እጃቸውን ታጠቡና ተነሡ። «መንገዱን ምራኝ» አሉት። ስለዚህ ጥፋት ሁለተኛ አላነሡበትም፤ ዳውድ ከሁሉ ይልቅ ይህን አይረሳላቸውም።

እትዬ ዘሊካ አርባ ዓመት ሙሉ ደንገል ከአይጥ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ደንገል ሆዱ ጣፋጭ ነው፤ አይጥ ካገኘው እንደ ሸንኮራ ይመጠምጠዋል፤ የተበላ ደንገል ታንኳ ሲሆን ደግሞ መሐል ሐይቅ ላይ ውኃ ይጠጣና ሰው ይዞ ይሰጥማል። ከሐይቁ ዳር ያሉ ቤቶች አይጥን የሚያውቁት በዚህ ነው፤ እህል የሚጠብቅ ሰው ቢሸነፍ ይራባል፣ ደንገል የሚጠብቅ ሰው ቢሸነፍ ግን ልጁን ያጣል። በእትዬ ዘሊካ ደንገል የተሠራ ታንኳ ሰጠመ ተብሎ አያውቅም።

ጋራዡ በር ላይ ደርሰው አልገቡም። ቆመው አሸተቱ፣ አዳመጡ። ከዚያ ገብተው ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ዞሩ።

«አይጥ የሰው ወዳጅ አይደለም፣ የግድግዳ ወዳጅ ነው» አሉ። «ሜዳ ላይ መሄድ ይፈራል። ይህን ሁሉ ዕቃ ከግድግዳው አንሣልኝ። ደንገሉ ይውጣ። ሞራው ይታጠብ፤ በሙቅ ውኃና በእንዶድ፣ ሽታው እስኪጠፋ።»

«ሽቦውን በእንዶድ?»

«ምነው፣ ከሞራው ይብሳል?»

ዳውድ ዝም ብሎ እንዶድ ሊፈልግ ሄደ። ሽቦውን በቀስታ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገ ሁለት ቀን ፈጀበት፤ የተላጠውንም በክር ጠቅልሎ ጠገነው። እሳቸው ደግሞ በዚያ መሐል የቀዳዳ መድፈኛ ይፈልጉ ጀመር። የፈለጉት ነገር ምን መሰላችሁ? ጣሊያኖቹ ጠጥተው የሚጥሉት የወይን ጠጅ ጠርሙስ! አንዲት የተከበሩ እስላም ባልቴት ከምሽጉ ቆሻሻ መጣያ ባዶ ጠርሙስ በቁና ሲለቅሙ መንደሩ አፉን ያዘ። ጎረቤቶቻቸው «በልጇ ሐዘን አእምሮዋን ነካት» አሉ፤ አንዷም «እውነት ባዶ ነው?» ብላ ጠየቀች። እትዬ ዘሊካ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ጠርሙሱን በድንጋይ ሰባበሩት፣ በጭቃ አቦኩት፣ የግድግዳውን ቀዳዳ ሁሉ ደፈኑበት። ጭቃ ብቻውን ለአይጥ ዳቦ ነው፤ ጠርሙስ ያለበት ጭቃ ግን አንዴ ጥርሱን ካሳያት ሁለተኛ አትሞክረውም።

ቀጥለው ዳውድን ክሪክ በሚሉት ማንሻ መኪናዋን አስነሡት። ጎማዎቿ ወለቁ፤ አራት የዋንዛ ግንዲላ ሥሯ ገባ። በእያንዳንዱ ግንዲላ ራስ ላይ ከግንዲላው የሰፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጡ።

«ይህስ ለምንድን ነው?» አለ ዳውድ።

«የጎተራ እግር አይተህ አታውቅም? አይጥ ግንድ ትወጣለች፤ በድንጋይ ሥር ተገልብጣ መሄድ ግን አትችልም።»

የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ድመትና ሣህሉ። ድመቲቱን ከቤታቸው አመጡ፣ ግራጫ ናት፤ በየቀኑ የዓሣ ራስ ያበሏታል። ዳውድ «ድመት ካልተራበች ታድናለች?» ሲል፣ «የተራበ ድመት ሌባ ነው፣ የጠገበ ድመት ግን አዳኝ ነው፤ ሰውም እንደዚሁ ነው» አሉት። ሣህሉ ደግሞ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ ቆሎ መቆርጠም ልማዱ ነበር፤ በዙሪያው የወደቀው ፍሬ ለሰባት አይጥ እራት ይሆናል። እትዬ ዘሊካ በእጁ ይዘው ወደ ደጅ አወጡትና ከጣራው ጥግ ሥር አስቀመጡት። ሣህሉ ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው፤ ግን እትዬ ዘሊካን ለመቃወም ጠመንጃ በቂ መሣሪያ አልነበረም። ክረምቱን በሙሉ ዝናብ እያየ ቆሎውን በላ።

በመጨረሻ አመድ አመጡ። በወንፊት ነፍተው ወለሉን በሙሉ በስሱ ነሰነሱት።

ዳውድ የአማቱን ትልቅነት የተረዳው በዚያ አመድ ላይ ነው። በየማለዳው እትዬ ዘሊካ ከበሩ ላይ ቁጭ ብለው ወለሉን ያዩታል፣ እሱ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር እንኳ እንዲህ አጥርቶ አንብቦ አያውቅም። «ይቺ ትናንት የመጣችው ናት፣ ፈርታ ከግማሽ መንገድ ተመልሳለች» ይላሉ። «ይቺ እርጉዝ ናት፤ እይ፣ ሆዷ አመዱን ጠርጎታል። ቶሎ ካልያዝናት ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስምንት ትሆናለች።» ያን ቀን ድመቲቱ እርጉዟን ይዛት ተገኘች። ዳውድ ጎንበስ ብሎ አመዱን ሲያይ የሚታየው ግን አመድ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ እሱም ፊደል ቆጠረ፤ የፊት እግርን ከኋላ እግር፣ የሮጠችን ከተራመደችው ለየ። ነሐሴ ሲገባ ወለሉ ንጹሕ ሆነ።

አንድ ማለዳ ግን ኮፈኑ ላይ ትኩስ የአይጥ ኩስ ተገኘ። ዳውድ እየዞረ መረመረ። ግንዲላዎቹ ደህና ናቸው፣ ቀዳዳዎቹ ደህና ናቸው፣ ድመቲቱም አለች። እትዬ ዘሊካ አመዱን ዙሪያውን አዩት፤ ደግመው አዩት።

«የወጣ ዱካ አለ፤ የገባ ዱካ ግን የለም» አሉ።

«ታዲያ በየት ገባች? ከሰማይ ወረደች?»

እትዬ ዘሊካ ቀና አሉ። ከጣራው ወጋግራ ላይ አንድ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ከመኪናዋ ጣራ በላይ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው። ዳውድ ዕቃ ለማንሣት ብሎ በሰኔ ራሱ ያሰረው ገመድ ነበር። አይጢቱ በገመዱ ወርዳ፣ ከመኪናዋ ዘላ ነው በወለሉ የወጣችው። ዳውድ ወጥቶ ገመዱን ሲቆርጥ እጁ እስኪዝል በሐፍረት ራሱን እየረገመ ነበር፤ እትዬ ዘሊካ ግን ከታች ሆነው፣ «ተጠንቀቅ ልጄ፣ እንዳትወድቅብኝ፤ አንድ ወንድ ልጅ ታስሮብኛል፣ ሁለተኛው እንዳይሰበርብኝ» አሉት። ልጄ ማለታቸው የወግ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባው። ዕንባው መጣ፣ ከወጋግራው ላይ ስለነበረ ማንም አላየውም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ያ መስከረም ግን ጉዱን የሰማነው ከጠባ በኋላ ነው። ሻምበሉ በመስቀል ማግስት መጣ። መኪናዋ ጎማዋ ገብቶ፣ ታጥባ፣ ወለሉ ተጠርጎ ጠበቀችው። ማኖቬላውን አንድ ጊዜ አዞረ፤ ሞተሩ ተነሣ። ሻምበሉ እንደ ልጅ አጨበጨበ። ኮፈኑን ሳመው። እትዬ ዘሊካ ከደጅ ቆመው ነበር፤ ለመስዑድ ንጹሕ ጋቢ በክንዳቸው ይዘዋል።

«ብራቮ!» አለ ሻምበሉ። ቀጥሎ የተናገረውን ሣህሉ ለመተርጎም ጊዜ ወሰደበት፤ ምራቁን ዋጠ። «እንዲህ ያለ ጠባቂ አግኝቼ እንዴት መያዣዬን እለቃለሁ? ሰውየው እኔ ጋ እስካለ ድረስ መኪናዬ ደህና ናት። ለከርሞም እንዲሁ ጠብቁልኝ፤ ያኔ እናያለን።»

ዳውድ መፍቻውን ጨብጦ አንድ እርምጃ ተራመደ። እትዬ ዘሊካ ክንዱን ያዙት። አላለቀሱም፣ አልተራገሙም፤ ጋቢውን አጥፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግሥቱ ማለዳ ወንፊታቸውንና አመዳቸውን ይዘው ተመለሱ።

«እትዬ፣ ቃሉን ለበላ ሰው አሁንም ይጠብቃሉ?» አላቸው ዳውድ፤ በንዴት ድምፁ ተሰብሮ።

«ለሱ መሰለህ? መስዑድ ባሕር ማዶ እንዳይጫን ነው። ይቺ መኪና በተነሣች ቁጥር ልጄ አንድ ቀን ያድራል» አሉና አመዱን መንፋት ጀመሩ።

ቀኑ ሄደ። በየካቲት የእንግሊዝና የአርበኛው ጦር እየገፋ መጣ የሚል ወሬ ተሰማ፤ ቤንዚን ጠፋ። ሻምበሉ መኪናዋን ለመጨረሻዋ ቀን ብሎ አቆማት፤ እንደገና ግንዲላ ላይ ወጣች። በሚያዝያ ጣሊያኖች ባሕር ዳርን ለቀው ወደ ጎንደር ሊሄዱ ቆረጡ። ሰኞ ማታ ሻምበሉ መኪናዋን ከግንዲላ አስወረደ፣ ጎማ አስገባ፣ ማኖቬላውን አዞረ፤ ተነሣች። ለሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ጉዞ ተባለ። በዚያው ምሽት ወታደሮች ጋሌታ የሚሉትን ደረቅ ብስኩት በሣጥን፣ ዱቄት በጆንያ፣ አንድ ሙሉ ድቡልቡል አይብም አምጥተው ከኋላው መቀመጫና ከወለሉ ላይ ቆለሉት።

«አንድ ቦታ ብቻ ይቀራል» አለው ሣህሉ ለዳውድ፣ ዓይኑን እየሸሸ። «ከፊት። እዚያ የሚቀመጠው መስዑድ ነው። አርበኞች መንገድ ላይ ቢያገኟቸው ያገራቸውን ሰው አይተው እንዳይተኩሱ ነው። ጎንደር ከደረሱ በኋላ ምን እንደሚያደርጉት እኔ አላውቅም።»

ዳውድ ማክሰኞ ማለዳ ይህን ለአማቱ ሲነግራቸው የጠየቁት ነገር እንግዳ ነበር።

«ምን ምን ጫነ አልህ?»

ነገራቸው። ተነሥተው ሣህሉን አስከትለው በቀጥታ ወደ ሻምበሉ ሄዱ። ዳውድ ምን ሊሉ ነው ብሎ ከኋላ ተከተለ። እትዬ ዘሊካ ከሻምበሉ ፊት ቆመው፣ «ጌታዬ፣ እህል ከመኪናው ጋር አይደር። እህል ያለበት ቤት አይጥ ይጠራል። እኔ ልጠብቅልዎት አልችልም» አሉ። ሣህሉ ቃል በቃል ተረጎመው። ሻምበሉ ካርታ እያጠፈ ነበር፤ ሳይዞር ሳቀ።

«እንጀራዬን ለአርበኛ ትቼ እንድሄድ ነው? ሁለት ቀን ነው የቀረው። አሮጊቷ ትረፍ በላት።»

«ይረፉ ብሏል» አለ ሣህሉ።

«እሺ፣ አርፋለሁ» አሉ እትዬ ዘሊካ። ወደ ጋራዡ ተመለሱ፤ ድመቲቱን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ፤ ወንፊታቸውን አነሡ። የዓሣ ራስ የሚያስቀምጡበትን ገበታ እንኳ ጠርገው ይዘው ወጡ።

ዳውድ መሐል ወለሉ ላይ ቆሞ ቀረ። ግንዲላ የለም፣ ድመት የለም፣ አመድ የለም። አይብ ይሸታል። በዚያን ጊዜ ነገሩ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ገባው። ሮጦ ደጅ ደረሰባቸው።

«እትዬ» አለ በሹክሹክታ፣ «ያ የሰኔው ሞራ... ቀንዱ አሁንም እኔ ጋ አለ።»

እትዬ ዘሊካ ከዓምናው ግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፈገግ አሉ።

«አሁን ገና መካኒክ ሆንህ» አሉት።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ የጭነት መኪናዎቹ፣ የካሚዮኖቹ ሞተር ምሽጉን አናወጠው። መስዑድን እጁን የፊጥኝ አስረው አመጡት፤ ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል፣ ብርሃኑ ዓይኑን ይወጋዋል። እናቱን ድመት ታቅፈው ከመንገዱ ዳር ሲያያቸው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሻምበሉ ማኖቬላውን አዞረ፤ ዝም። እንደገና አዞረ፤ ዝም። በአምስተኛው ጊዜ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠብ ጀመር። ኮፈኑን ዳውድ ራሱ ከፈተው።

አንድ አይጠ መጎጥ ዘሎ በሻምበሉ ጫማ ላይ አለፈ። ሻምበሉ ሽጉጡን መዝዞ ተኮሰ፤ አይጡን ስቶ የራሱን መኪና ጎማ መታ፤ ጎማው ፊሽ ብሎ ተኛ። ከኮፈኑ ሥር ሽቦ የሚባል ነገር አልቀረም፤ ክሩ ብቻ እዚህም እዚያም ተበጣጥሶ ይታያል፤ የጋሌታው ሣጥን ጥግ ተበልቷል፤ አይቡም ተቦርብሯል። ሻምበሉ ሽጉጡን ወደ ዳውድ አዞረ።

«አንተ ነህ!»

 የተናገሩት እትዬ ዘሊካ ናቸው፤ ከመንገዱ ዳር፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

«ሣህሉ፣ ማክሰኞ ምን እንዳልሁት ንገረው።»

ሣህሉ ተረጎመ። ከዚያ ሳይጠየቅ በጣሊያንኛ የራሱን ጨመረበት፤ ዳውድ ትንሽ ትንሽ ይሰማ ስለነበር ገባው፦ «ነግረውዎታል፤ እርስዎም ሳቁ። እኔ ምስክር ነኝ።» ሻምበሉ ሣጥኑን አየ፣ አይቡን አየ፣ ሽጉጡ ቀስ እያለ ወረደ። በዚያን ጊዜ ከሰልፉ ፊት ያለው ካሚዮን ጥሩምባውን በረጅሙ ነፋ፤ ሰልፉ ማንንም አይጠብቅም። የመጨረሻው ካሚዮን ሰውና ዕቃ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሻምበሉ ሻንጣውን ብቻ አንጠልጥሎ ሮጠ፤ ደረጃው ላይ ተንጠለጠለ። ለሻንጣው እንኳ ቦታ አልነበረም፤ ከምሽጉ በር ላይ ጣለው። ስለ እስረኛው ማንም አላነሣ።

መስዑድ መንገዱ መሐል ብቻውን እንደታሰረ ቀረ። አቧራው እስኪበርድ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሣህሉ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ቆሎውን ከኪሱ አውጥቶ መቆርጠም ጀመረ፤ ደጅ ላይ ሆኖ።

እትዬ ዘሊካ ድመቲቱን ለዳውድ ሰጥተው ወደ ልጃቸው ሄዱ። ቋጠሮው ጠብቆ በጣት አልፈታ አለ፤ ቢላዋም አልያዙም። ስለዚህ ጎንበስ አሉና ገመዱን በጥርሳቸው ያዙት። ዕድሜያቸው ስድሳ አልፏል፣ ጥርሳቸው ግን ሁሉም አለ። ክር በክር ቆረጠሙት፣ ሙሉው እስኪበጠስ ድረስ። መስዑድ የተፈታ እጁን አይቶ በእናቱ ትከሻ ላይ ወደቀና እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እሳቸውም ያን ጊዜ፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ «አልሐምዱ ሊላህ» እያሉ አብረውት አለቀሱ።

ዳውድ ድመት እንደታቀፈ ቆሞ ያያቸዋል። በዓለም ላይ ከዚህች ሴት የሚበልጥ መካኒክ እንደሌለ በልቡ እየማለ ነበር። እትዬ ዘሊካ ከአፋቸው የገመዱን ጭረት እንትፍ አሉ፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ እሱ ዞሩ።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አሉት። «ድመቷን አስገባት፣ ያንን ሞራም እጠብ። መኪናዋ ከዛሬ ጀምሮ የኛ ናት።»